ፖስትፊክስን ፓች ስታደርጉ ወረፋ ላይ ያለ ኢሜይል እንዳይጠፋባችሁ

በየሳምንቱ የሚደወልልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ሰርቨሩን አፕዴት አደረግኩት፤ ከዚያ ወዲህ ኢሜይል አይሄድም። ምን ላድርግ?» አንዱ ከባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር፣ ከትንሽ ቢሮ ይደውላል፣ አንዷ ከጣና ዳር የእንግዳ ማረፊያ። መልሴ ሁሌም ተመሳሳይ ስለሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ፖስትፊክስ ሰርቨር ላይ ኢሜይል የሚልክና የሚቀበል ፕሮግራም ነው፤ ፓች ማለት ለፕሮግራሙ የሚወጣ ማስተካከያ ነው፤ ወረፋ የምለው ደግሞ ገና ያልሄዱ ደብዳቤዎች ተራ የሚጠብቁበትን ነው። መመሪያው ዴቢያን 12 በሚባለው ሊኑክስ ላይ ለሚሠራ ፖስትፊክስ ነው። ኡቡንቱ ላይም ከጥቂት ልዩነት በቀር ያው ነው። ትዕዛዞቹን በስልክ እንደማነብላችሁ፣ በድምፃቸው ጽፌአቸዋለሁ። ኪቦርዱ ላይ በላቲን ፊደል ጻፏቸው። «ትልቅ ፊደል» ካላልኩ በቀር ሁሉም ትንሽ ፊደል ናቸው። አብዛኞቹ ከፊታቸው «ሱዶ» ይፈልጋሉ፤ ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ መብት የሚያስኬድ ቃል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሱዶ መብት ያለው አካውንት።
- ባዶ ፍላሽ። እዚያው ሰርቨሩ ላይ ብቻ የተቀመጠ ባክአፕ ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ይሄዳል።
- ግማሽ ሰዓት የሚይዝ ዩፒኤስ። የሰርቨሩ ብቻ ሳይሆን የራውተሩም መሆን አለበት።
- ከሰርቨሩ ውጭ ያለ የሙከራ ኢሜይል አድራሻ፣ ለምሳሌ የራሳችሁ ጂሜይል።
- ቲመክስ የሚባለው ፕሮግራም። በርቀት ገብታችሁ ስትሠሩ መስመሩ ቢቆረጥም ሥራው አይቋረጥም።
- ደብተርና እስክሪብቶ።

መቼ ይሠራ? ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ቢሮ ሳይከፈት። ፖስትፊክስ በሚጫንበት ሰዓት ለትንሽ ጊዜ ይቆማል። ያን ጊዜ በቀጥታ የሚገናኙት ዌብሳይቶችና ፕሮግራሞች «መስመር የለም» ይባላሉ፣ አንዳንዶቹም ደግመው አይሞክሩም። ዓርብ ማታ ወይም የከተራ ዕለት ግን በፍጹም አትንኩት። ከተማው በሙሉ ታቦት አጅቦ ወደ ጣና ሲወርድ የተበላሸ ሰርቨር የሚያይላችሁ ሰው አታገኙም።

1. ሰዓቱን አስተካክሉ

«ዴት» ብላችሁ ጻፉ። የሚወጣው ሰዓት ከስልካችሁ ጋር መግጠም አለበት። ሰርቨሩ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚያወራ ሎጉ (የሥራ መዝገቡ) ላይ 08:15 ካያችሁ እኛ ጠዋት 2:15 የምንለው ነው። «ዴት» ያወጣው ላይ «ዩቲሲ» የሚል ካለ ደግሞ ሰርቨሩ የአገራችንን ሰዓት አያውቅም ማለት ነው፤ ያኔ ጠዋት 2:15 ሎጉ ላይ 05:15 ሆኖ ይታያል። «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን አፍሪካ/አዲስ_አበባ» በሉት። እዚህ ላይ የአፍሪካ፣ የአዲስና የአበባ መነሻ ፊደሎች ትልቅ ናቸው።

ይህን መጀመሪያ ያደረግኩት በምክንያት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ከሞተች ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ ሊሄድ ይችላል። ያኔ ፓኬጅ የሚያወርደውና የሚጭነው አፕት «ፋይሉ ገና አልጸናም» ብሎ አላወርድም ይላል። ፖስትፊክስም ሰርተፊኬት እንዲያረጋግጥ ተደርጎ ከሆነ በዚያው ሰበብ ደብዳቤውን ያቆየዋል። ሰው ታዲያ ጥፋቱን ፓቹ ላይ ይፈልጋል፤ ጥፋቱ ያለው ግን ባትሪዋ ላይ ነው።

2. ወረፋውን እዩ

«ሜይልኪው» በሉ። ወረፋው ባዶ ከሆነ ይነግራችኋል። ካልሆነ የእያንዳንዱን ደብዳቤ መለያ፣ መጠን፣ ቀን፣ ላኪና ተቀባይ ያሳያል፤ ያልሄደበትንም ምክንያት ይጽፋል። መለያው አጠገብ ኮከብ ካለ አሁን እየተላከ ነው፤ ቃለ አጋኖ ካለ በትዕዛዝ የተያዘ ነው። ስንት እንደሆኑ ደብተር ላይ ጻፉ። ከፓቹ በኋላ ቁጥሩ ቢጨምር የምታውቁት ከዚህ ተነስታችሁ ነው።

እዚህ ጋ አንድ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ እንግዳ ማረፊያ ሰርቨር ላይ ወረፋው ረዝሞ አገኘሁት። ስፓም መሰለኝ። «ፖስትሱፐር -ዲ ኦል» (ኦል በትልቅ ፊደል) አልኩ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፋ። ውስጡ ግን መስመር ተቋርጦ ሳይሄዱ የቆዩ የጀልባ ማዘዣዎች ነበሩ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ቤተሰብ ወደ ዘጌ ሊሻገር ልጆቹን ይዞ ወደቡ ላይ ቆመ። ጀልባ ነጂው ስለ እነሱ የሰማው ነገር አልነበረም። ደውለው ሲነግሩኝ የምለው ጠፋኝ።

ስለዚህ ሳታዩ አትሰርዙ። «ፖስትካት -ኪው» ብላችሁ መለያውን አስከትሉ፤ ደብዳቤው ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። በእርግጥ ስፓም ከሆነ «ፖስትሱፐር -ዲ» ብላችሁ የዚያን መለያ ብቻ ስጡት። ከተጠራጠራችሁ «ፖስትሱፐር -ኤች» በትንሿ ኤች መያዝ ነው፤ በትልቋ ኤች ትለቁታላችሁ። መያዝ ይመለሳል፣ መሰረዝ አይመለስም።

3. ባክአፕ ውሰዱ

/ኢቲሲ/ፖስትፊክስ የሚባለውን ፎልደር ሙሉውን፣ /ኢቲሲ/አሊያስስ የሚለውንም ፋይል በታር ጠቅልላችሁ ፍላሹ ላይ አድርጉ። ከዚያ «ፖስትኮንፍ -ኤን» በሉና የሚወጣውን ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። ይህ ትዕዛዝ በሜይን.ሲኤፍ፣ ማለትም በፖስትፊክስ ዋና የመቼት ፋይል ውስጥ በእጅ የተቀመጡትን መቼቶች ብቻ ስለሚያሳይ ከፓቹ በፊትና በኋላ ለማስተያየት በጣም ይመቻል።

/ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ ውስጥ አሁን የምትጠቀሙበት የፖስትፊክስ ፓኬጅ ካለ እሱንም ቅዱ። መመለስ ሲያስፈልግ አሮጌው ቨርዥን ኢንተርኔት ላይ ከቦታው ተነስቶ ሊሆን ይችላል።

ፍላሹ ላይ አሁን የኢሜይል የይለፍ ቃላችሁ አለ። ለማንም አታውሱት።

4. ምን እንደተቀየረ አንብቡ

«አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎ «አፕት-ካሽ ፖሊሲ ፖስትፊክስ»። የተጫነውንና የተዘጋጀውን ቨርዥን ጎን ለጎን ያሳያችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገጣል። «ኢንተርኔት ላይ አዲሱ ቁጥር የበለጠ ነው፣ የእኔ ገና 3.7 ነው፤ ወደኋላ ቀርቻለሁ?» አልቀራችሁም። ዴቢያን 12 የ3.7ን መስመር ይዞ ለእሱ የሚወጡትን ማስተካከያዎች ብቻ እየወሰደ ይጨምርበታል። ስለዚህ 3.7 የሚለውን ትታችሁ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥር፣ ከዚያም «ዴብ12ዩ» ከሚለው ኋላ ያለውን ተመልከቱ።

አሁን «አፕት ቼንጅሎግ ፖስትፊክስ» በሉና አንብቡት። አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ለምን እንደምለፋበት በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ኤስኤምቲፒ ስመግሊንግ የሚባል ቀዳዳ ይፋ ሆነ። አጥቂው የመስመር ማብቂያ ምልክቶችን ያምታታና በአንድ ደብዳቤ ሆድ ውስጥ ሌላ ደብዳቤ ደብቆ ያሳልፋል። ሁለተኛው ደብዳቤ የፈለገውን ሰው ስም ላኪ አድርጎ ይወጣል። ፖስትፊክስ በ3.8.4፣ በ3.7.9፣ በ3.6.13 እና በ3.5.23 መከላከያ አወጣ። ነገር ግን የቆዩ መሣሪያዎች እንዳይቸገሩ ሲባል በእነዚህ ቨርዥኖች ላይ መከላከያው ተዘግቶ ነው የመጣው። ካልነካችሁትም ተከፍቶ የሚመጣው ከ3.9 ጀምሮ ነው። ፓቹን ጭኖ መቼቱን ያልከፈተ ሰው አዲስ ቁልፍ ገዝቶ በሩን ሳይቆልፍ እንደሄደ ነው።

የእናንተን ለማየት «ፖስትኮንፍ ኤስኤምቲፒዲ_ፎርቢድ_ቤር_ኒውላይን» በሉ። «የስ» ወይም «ኖርማላይዝ» ካለ ደህና ነው። «ኖ» ካለ ሜይን.ሲኤፍ ውስጥ «የስ» ብላችሁ ጻፉት። ትዕዛዙ ጭራሽ አላውቀውም ካለ ፓቹ ገና አልደረሳችሁም።

5. አውርዱ፣ ገና አትጫኑ

«አፕት-ጌት ኢንስቶል --ዳውንሎድ-ኦንሊ --ኦንሊ-አፕግሬድ ፖስትፊክስ»። ይህ ፓኬጁን አምጥቶ ያስቀምጣል እንጂ የሚሠራውን አይነካም። መስመሩ ከተቆራረጠ ደጋግሙት፤ አልቆ ሲወርድ ጭነቱ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሌሊቱን አውርዳችሁ ጠዋት መጫን ትችላላችሁ።

6. ጫኑ

መጀመሪያ «ቲመክስ» ብላችሁ ግቡ። ከዚያ የ5ኛውን ትዕዛዝ «--ዳውንሎድ-ኦንሊ» የሚለውን አውጥታችሁ ድገሙት። መስመሩ ቢቆረጥ ተመልሳችሁ ገብታችሁ «ቲመክስ አታች» ስትሉ ሥራው ካለበት ታገኙታላችሁ።

በመሃል ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ ምን ዓይነት የኢሜይል አሠራር እንደምትፈልጉ ቢጠይቅ «ኖ ኮንፊገሬሽን» የሚለውን ምረጡ። «ኢንተርኔት ሳይት» የሚለውን ከነካችሁ ያስተካከላችሁትን ሜይን.ሲኤፍ ሊቀይረው ይችላል። የፋይል ጥያቄ ከመጣም ያለውን ፋይል አቆዩት፤ ኤንተር ብቻ መምታት ይበቃል።

መብራት ሄዶ ሰርቨሩ በመሃል ቢጠፋ አትሸበሩ። ሲነሳ «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» በሉት፣ ከቆመበት ይቀጥላል። ወረፋ ላይ ያሉት ደብዳቤዎች ዲስክ ላይ ናቸው። ፖስትፊክስ አንድን ደብዳቤ «ተቀብያለሁ» የሚለው ዲስክ ላይ ከጻፈው በኋላ ነው።

7. አስነሱና መርምሩ

«ፖስትፊክስ ቼክ»። ዝም ካለ ደህና ነው። ቀጥሎ «ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ፖስትፊክስ»። ኦፕንኤስኤስኤል ብቻ በታደሰበት ቀንም ይህን አድርጉ። አዲሱ ፋይል ዲስክ ላይ ቢገባም ሜሞሪ ላይ ያለው ፕሮግራም እስኪነሳ ድረስ በአሮጌው ነው የሚሠራው።

«ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ፖስትፊክስ» ስትሉ «አክቲቭ ኤግዚትድ» የሚል ይመጣል። በዚህ ብቻ ስንቱ ደውሎልኛል! ዴቢያን 12 ላይ እሱ የውጭ ሽፋኑ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ከሥሩ ያለ ሌላ አገልግሎት ነው። እውነቱን የሚነግራችሁ «ፖስትፊክስ ስታተስ» ነው።

አሁን «ፖስትኮንፍ -ኤን»ን ድገሙና ፍላሹ ላይ ካለው ጋር ልዩነት በሚያሳየው «ዲፍ» አስተያዩት። እናንተ ያልቀየራችሁት ነገር ተለውጦ ካገኛችሁ ቆም በሉ። በተለይ «ማይኔትወርክስ» (ያለ ይለፍ ቃል በእናንተ በኩል መላክ የሚችሉ አድራሻዎች) እና «ኢኔት_ኢንተርፌስስ» (ፖስትፊክስ ደብዳቤ የሚቀበልባቸው መስመሮች) የሚሉትን እዩ። ሰርቨራችሁ ከራሱ ብቻ የሚልክ ከሆነ ሁለተኛው «ሉፕባክ-ኦንሊ» ይሁን። «ማይኔትወርክስ» ውስጥ 0.0.0.0/0 ካለ ደግሞ አሁኑኑ አውጡት። የዓለም ስፓም ላኪ ሁሉ በእናንተ ስም ይልካል፣ አይፒ አድራሻችሁም ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል።

8. ላኩ፣ ሎጉን እዩ

ሁለት መስኮት ክፈቱ። በአንዱ «ጆርናልሲቲኤል -ኤፍ | ግሬፕ ፖስትፊክስ» በሉ። በሌላው በ«ሜይል -ኤስ» ወደ ጂሜይላችሁ ሙከራ ላኩ። ትዕዛዙ ከሌለ ሜይልዩቲልስ የሚባለውን ጫኑ። ርዕሱንም ውስጡንም በአማርኛ ጻፉት፣ «ሰላም ከባሕር ዳር» ይበቃል። የአማርኛ ፊደል ጥያቄ ምልክት ሆኖ ከደረሰ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ደብዳቤውን ያዘጋጀው ፕሮግራም ላይ ነው፤ ፖስትፊክስ የተሰጠውን ተሸክሞ ይሄዳል።

ሎጉ ላይ የምትፈልጉት «ስታተስ=» የሚለውን ነው። «ሴንት» ብሎ አጠገቡ 250 ካለ ቀጣዩ ሰርቨር ተቀብሎታል። «ዲፈርድ» ካለ በ4 የሚጀምር ቁጥር ወይም የመስመር ችግር ታያላችሁ፤ ራሱ ደግሞ ይሞክራል። «ባውንስድ» ካለ በ5 የሚጀምር ነው፤ ለላኪው ተመልሷል።

250 አያችሁ ማለት ተቀባዩ አነበበ ማለት አይደለም። ስልካችሁን አውጡና ጂሜይሉን ክፈቱ። ኢንቦክስ ከሌለ ስፓም ውስጥ ፈልጉ። በዓይናችሁ ሳታዩት አትነሱ።

9. ወረፋውን ልቀቁ

ሙከራው ከደረሰ «ፖስትኪው -ኤፍ» በሉ። አንዴ ብቻ። ፖስትፊክስ ያልሄደውን ደብዳቤ ከ300 ሰከንድ ጀምሮ እያራዘመ፣ እስከ 4000 ሰከንድ ልዩነት ይሞክራል። በየደቂቃው ብትገፉት ተቀባዩ ሰርቨር እንደ አስቸጋሪ ያያችኋል። በነፃ ጂሜይል በኩል የምትልኩ ከሆነ ደግሞ በቀን 500 ተቀባይ ነው ጣሪያው።

«ሜይልኪው» ብላችሁ ደብተሩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩ። ነገም ከነገ ወዲያም እዩት። ካልነካችሁት አንድ ደብዳቤ ወረፋ ላይ የሚቆየው 5 ቀን ነው፤ ከዚያ ለላኪው ይመለሳል። መስመር ለረጅም ጊዜ ሊቋረጥ ይችላል ብላችሁ ካሰባችሁ «ማክሲማል_ኪው_ላይፍታይም»ን 10 ቀን አድርጉት።

ፓቹን ራሳችሁ መስፋት ካለባችሁ

አብዛኛው ሰው ይህ አያስፈልገውም። ዴቢያን ያላወጣው ማስተካከያ የግድ ሲሆንባችሁ ብቻ ነው።

ሀ. «አፕት-ጌት ሶርስ ፖስትፊክስ» ምንጩን ያመጣል፤ «አፕት-ጌት ቢልድ-ዴፕ ፖስትፊክስ» ለመገንባት የሚያስፈልገውን ይጭናል። ለሁለቱም ሶርስስ ፋይሉ ላይ «ዴብ-ሶርስ» የሚለው መስመር መከፈት አለበት።

ለ. ወደ ፎልደሩ ገብታችሁ «ፓች --ድራይ-ረን -ፒ1» በሉና በ«<» ምልክት የፓቹን ፋይል ስጡት። ይህ ምንም ሳይነካ ብቻ ይሞክራል። «ሃንክ ፌይልድ» ካለ ፓቹ ለሌላ ቨርዥን የተጻፈ ነው። አስገድዳችሁ አታስገቡት። የደብዳቤ መቀበያ ኮድ ላይ አንድ መስመር ቦታውን ቢስት ፕሮግራሙ ሊነሳና ደህና ሊመስል ይችላል።

ሐ. ከገባ በ«ኪውልት ኢምፖርት» ከዴቢያን ፓቾች ዝርዝር ውስጥ ጨምሩት።

መ. «ዲሲኤች --ሎካል» በሚለው ቨርዥኑ መጨረሻ ላይ የራሳችሁን ምልክት ቀጥሉ። ይህን አትዝለሉት። «ዩ1» ላይ «ቢዲ1» ብትጨምሩ ዴቢያን ነገ «ዩ2» ሲያወጣ ከእናንተው የበለጠ ስለሆነ ይተካዋል። ቁጥሩን በዘፈቀደ ከፍ ካደረጋችሁት ግን የነገው የደህንነት ማስተካከያ ዝም ብሎ ያልፋችኋል።

ሠ. «ዲፒኬጂ-ቢልድፓኬጅ -ቢ -ዩኤስ -ዩሲ» ፓኬጁን ይሠራል። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ ከ3ኛው ደረጃ ጀምራችሁ ሂዱ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

«ኮኔክሽን ታይምድ አውት»፣ ፖርት 25። ብዙ የኢንተርኔት መስመሮች ፖርት 25ን ወደ ውጭ ይዘጋሉ። በ587 የሚቀበል ሌላ ሰርቨር «ሪሌይሆስት»፣ ማለትም አስተላላፊ አድርጉ።

535። የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት አላገኘም። ጂሜይል ከሆነ የተለመደው የይለፍ ቃል አይሠራም። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከፍታችሁ 16 ፊደል ያለውን የአፕ የይለፍ ቃል አውጡ።

የይለፍ ቃሉን የያዘውን ሳስል_ፓስደብሊውዲ ፋይል ቀይራችሁ ምንም ካልተለወጠ «ፖስትማፕ» ረስታችኋል። ፖስትፊክስ የሚያነበው እናንተ የጻፋችሁትን ሳይሆን ከእሱ የሚሠራውን ሁለተኛ ፋይል ነው። የሁለቱም ፈቃድ 600 ይሁን፤ አለዚያ ሰርቨሩ ላይ አካውንት ያለው ሁሉ ሊያነበው ይችላል።

ፖስትፊክስን «አፕት-ማርክ ሆልድ» አድርጎ መርሳት። አንዴ ተበላሽቶብኛል ብሎ የቆለፈ ሰው የደህንነት ማስተካከያ ሳይደርሰው ዓመት ያልፈዋል። «አፕት-ማርክ ሾውሆልድ» በሉና እዩ።

ወረፋውን ከባክአፕ ወደ ሌላ ዲስክ መልሶ ማስነሳት። የወረፋ ፋይሎች ስም ከዲስኩ የውስጥ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ፖስትፊክስን አቁማችሁ «ፖስትሱፐር -ኤስ» በሉ፣ ስሞቹን ያስተካክላል፤ ከዚያ አስነሱት።

«ኔም ሰርቪስ ኤረር»፣ ኢንተርኔቱ እየሠራ እያለ። ይሄኛው የሚመጣው መስመሩ ሲጠፋ ሰርቨሩን ወደ ሞባይል ሆትስፖት ስታዞሩት ነው። ብራውዘሩ ይከፍታል፣ ፒንግ ይመልሳል፣ ፖስትፊክስ ግን ጂሜይልን አላገኘሁትም ይላል። ዴቢያን 12 ላይ ፖስትፊክስ የሚላላከው /ቫር/ስፑል/ፖስትፊክስ ውስጥ ታጥሮ ነው፤ የሰርቨሮችን ስም ወደ አድራሻ ለመቀየር ማንን እንደሚጠይቅ የሚነግረውን የሪዞልቭ.ኮንፍ ፋይልንም የራሱን ቅጂ ነው የሚያነበው። ቅጂው የአሮጌውን ራውተር አድራሻ ይዞ ቀርቷል። ሪስታርት አድርጉት፣ አዲሱን ይወስዳል። ከዚያ 8ኛውን ደረጃ ድገሙ።